መብራት መጣ! ሻማዋስ?

«መጣ!»

ይቺን ጩኸት የማያውቅ የደሴ ልጅ የለም። መብራት ጠፍቶ አምሽቶ ድንገት ቦግ ሲል ከሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ የሚፈነዳ ድምፅ ነው። ከእኛ ቤት፣ ከጎረቤት፣ ከማዶ ካለው ግቢ። ልጆች ያጨበጭባሉ። ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል። ሳይዘጋ የቀረ ቴሌቪዥን ከመሀል ጀምሮ ይለፈልፋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሶኬት ይሮጣል። አንዱ ስልኩን ይሰካል፣ አንዱ ካውያ ይፈልጋል፣ ሊጥ ኩፍ ያለባት ደግሞ ወደ ምጣዷ ትበራለች። ተመልሶ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅማ!

ሻማዋስ?

ዛሬ የምጽፈው ስለዚችው ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመት ሻማ የምታሰጋው መብራት ሲጠፋ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መብራት ሲጠፋ ዓይናችን ሁሉ እሷ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚታይ ሌላ ነገር የለማ። ከክፍል ክፍል ስንሄድ ይዘናት ነው የምንሄደው። መብራት ሲመጣ ግን ሳትጠፋ ትጠፋብናለች።

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። አምፖል ስንገዛ «ባለ 60 ሻማ ስጠኝ» እንል የለ? ባለሱቁም «60 የለም፣ ባለ 100 ልስጥህ?» ይላል። ዋት ማለታችን ነው። የሚገርመው ግን አባባሉ ከእውነት ያን ያህል የራቀ አይደለም። የአንዲት ሻማ ብርሃን 12 ወይም 13 ሉመን ገደማ ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ደግሞ 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። አካፍሉት፤ 60 ከምናምን ሻማ ይመጣል። እንግዲህ አምፖሉ ቦግ ሲል 60 ሻማ በአንዴ ተለኮሰ ማለት ነው። በዚያ መሀል አንዷን ማን ያያታል? ሙቀቷ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። መጋረጃ የማቃጠል አቅሟ ያው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሐምሌ ነበር። የደሴን ሐምሌ ለማታውቁ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰው በጊዜ በሩን ዘግቶ ጋቢው ውስጥ ይገባል። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። መብራት የሄደው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሻማ ለኮስኩ። አንዷን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ በስኒ ማስቀመጫ አቆምኳት። ሁለተኛዋ ግማሽ የቀረች ቁራጭ ነበረች። እሷን ይዤ ደረቅ ካልሲ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ቁም ሳጥኑን ለመፈተሽ ሁለት እጄን ፈለግኩ። ስለዚህ ሰሟን ጠብ ጠብ አድርጌ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተከልኳት። እናንተም እንዲህ ታደርጋላችሁ፤ አውቃለሁ። በርጩማው ከአልጋው ጠርዝ አጠገብ ነበር።

«መጣ!» አሉ የጎረቤት ልጆች።

ስልኬ 3 ፐርሰንት ላይ ነበር። ሮጬ ወጣሁ፤ ሰካሁ። ሳሎን ያለችውን ሻማ እፍ አልኳት። እንዲያውም «ጥንቁቅ ሰው ነኝ» ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉን ጠጣን። ቶናው ላይ እናቴ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

«ምንድን ነው የሚሸተው? ላስቲክ የሚያቃጥል ማነው?»

«ከውጭ ነው» አልኩ። «ሰው ቆሻሻ እያቃጠለ ይሆናል።»

«በዚህ ዝናብ?»

ጓዳው በር ላይ ስንደርስ ጥቁር ጭስ ከላይ ተንጠልጥሏል። የበርጩማው መሀል ቀልጦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል። ሻማዋ ወደ አልጋው ተጋድማ ፕላስቲኩ ራሱ እየነደደ ነው፤ እየተንጠባጠበ። የጋቢዬ ጫፍ ከአልጋው ወርዶ ስለነበር ነበልባሉ ደርሶበታል። እናቴ ጋቢውን በአንድ እጇ ስባ መሬት ላይ ጣለችና በጫማዋ ረገጠችው። ከዚያ ሌላ እርጥብ ነገር አምጥታ በርጩማው ላይ ጣለችበት። እኔ ምን አደረግኩ? ቆሜ አየሁ። የምኮራበት ታሪክ አይደለም።

ጋቢው አሁንም አለ። ዘርፉ ላይ አራት ጣት የሚያህል ቀዳዳ አለበት። ልታሰፋልኝ ስትችል እምቢ አለች። «ይታይ» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ኋላ ሳስበው ነገሩ የሚያታልል ነው። ሻማ ስትነድ ታችዋ ቀዝቃዛ ነው። በእጃችን የምንይዛትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ ላይ ብትተክሏት ለሰዓት ምንም አትሆንም። ደህና ናት ብላችሁ ትረሷታላችሁ። መዘዙ የሚመጣው የመጨረሻዋ አንድ ጣት ላይ ነው። ያኔ ሰሙ ሁሉ ቀልጦ ይንጣለላል፣ ክሩ ይወድቃል፣ ነበልባሉ ከተተከለችበት ነገር ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። የብዙ ፕላስቲክ መቅለጫ 200 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ነበልባሉ ግን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ነው። ጨዋታው እኩል አይደለም።

ያን ማታ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ለኮስክ?»

«ሁለት።»

«ስንት አጠፋህ?»

ይሄ ጥያቄ የእሷ አይደለም። የእማማ ነው፤ የእናቷ። እማማ አብዛኛውን ዕድሜዋን በኩራዝና በፋኖስ የኖረች ሴት ናት። ቤቷ መብራት የገባው ካረጀች በኋላ ነው። ለእሷ እሳት የሚያስተኙት ነገር ነበር። ማታ ማታ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ትዳፍነዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ይነሳል። ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ጨለማው ውስጥ «እሳት?» ብላ ትጠይቃለች። የለኮሰ ሁሉ የለኮሰውን መቁጠር ነበረበት። ኩራዝ ያበራ «ኩራዝ ጠፍቷል» ይላል። ጧፍ የያዘ «ጧፍ ጠፍቷል» ይላል። መልስ ካልመጣ አትተኛም።

እኛ ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ እያደረግን ነው ያደግነው። አምፖል አብርተህ ብትሄድ የሚጎዳህ ቆጣሪው ነው። ያንኑ ልማድ ይዘን ሻማ እንለኩሳለን። ሽቦ የሌላት አምፖል ትመስለናለች። አነጋገራችን ራሱ ያጋልጠናል፤ «ሻማ አብሪ» እንላለን። እማማ ግን ሁልጊዜ «ለኩሱ» ነበር የምትለው።

ስለ እማማ ካነሳሁ የቅንድቤን ነገር ሳልናገር አላልፍም።

ዘጠኝ ወይ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር የሻማ ቁራጭ እናጠራቅም ነበር። ንግድ ልንጀምር ነው። ቁርጥራጩን አቅልጠን ሸምበቆ ውስጥ እናፈሳለን፣ መሀሉ ላይ ክር እናደርጋለን፣ አዲስ ሻማ ይወጣል፣ እንሸጣለን። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። አንድ ቀን ማድ ቤት ማንም ሳይኖር የቲማቲም ድልህ ጣሳውን ፍም ላይ ጣድነው። ሰሙ ቀለጠ። እንደ ውሃ ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረ። እኛ እስኪንተከተክ እንጠብቃለን፤ እንደ ሽሮ። ሰም ግን እንደ ሽሮ ተንተክትኮ አያስጠነቅቅም። ድንገት ብው አለ። ጣሳው በሙሉ አንድ ትልቅ ሻማ ሆነ።

ጆግ ሙሉ ውሃ አንስቼ ደፋሁበት።

የሆነውን አየሁ ማለት ይከብደኛል። ነበልባሉ ጣሪያው ድረስ ዘለለ። ፊቴን በክንዴ ሸፈንኩ፤ ግን ዘግይቼ። ቅንድቤና የግንባሬ ጠጉር ሄዱ። ጠረኑን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ ያለው ጠረን ነው።

ምክንያቱ የገባኝ አድጌ ነው። ውሃ ከቀለጠ ሰም ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች ይሰምጣል። ያ ሰም ደግሞ ከውሃ መፍያ በእጅጉ አልፎ ሞቋል። እንዲያውም ደሴ ከፍታዋ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 100 አይጠብቅም። ታች የደረሰው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲሆን ከ1,000 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መሄጃ ሲያጣ በላዩ ያለውን የሚነድ ሰም ይዞት ይወጣል። የረጨሁት ውሃ ሳይሆን እሳት ነበር ማለት ይቻላል። ዘይትም ሲነድ ያው ነው።

እማማ ጩኸታችንን ሰምታ ገባች። አልሮጠችም። ከምጣዱ ላይ የቆርቆሮውን አክንባሎ አነሳች፣ ከፊቷ እንደ ጋሻ ይዛ ቀረበች፣ ጣሳውን ከነፍሙ ከደነችው። ዝም አለ። እንዲያው ዝም!

እኔ ወዲያው ልገልጠው እጄን ዘረጋሁ። እጄን መታችኝ።

«በረካው እስኪጠጣ ድረስ ማንም እንዳይነካው!»

ገና ቡና አልተቆላም ነበር። ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ያን ሁሉ ሰዓት አክንባሎው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ለቅጣት መስሎኝ ነበር። የጋለ ሰም ቶሎ ከተገለጠ አየር አግኝቶ እንደገና እንደሚቀጣጠል የተረዳሁት ኋላ ነው። እማማ ኬሚስትሪ አልተማረችም። ግን ልክ ነበረች።

ኬሚስትሪ ካልን ዘንዳ አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። በፈረንጆች 1860 የገና ሰሞን ማይክል ፋራዴይ የሚባለው ሳይንቲስት ለንደን ውስጥ ለልጆች ስለ ሻማ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ስድስት ጊዜ! ስለ አንዲት ሻማ! ካሳያቸው ነገሮች አንዱን ቤታችሁ ሞክሩት። ሻማዋን እፍ በሏት። ከክሩ ነጭ ጭስ ይወጣል። ወዲያው የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጭሱ አስጠጉ፤ ክሩን ሳትነኩ። እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማዋን መልሶ ይለኩሳታል። ያ ጭስ የተነነ ሰም ነው። ሻማ ስትነድ የሚነደው ክሩ አይደለም። ሰሙ ቀልጦ በክሩ ይወጣል፣ ይተንናል፣ የሚቃጠለው ትነቱ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን በየወላጆች በዓሉ «መምህር እንደ ሻማ ቀልጦ ያበራል» ይባል ነበር። በዚህ ሒሳብ መምህሩ መቅለጥ ብቻ ሳይሆን መትነንም አለበት። ደመወዙን ለሚያውቅ ይሄም አይገርምም።

ይህን ማወቅ ለጥንቃቄም ይጠቅማል። ክሩ ረጅም ከሆነ ብዙ ሰም ይስባል። ብዙ ሰም ከመጣ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጥላሸት ይተፋል። ኮርኒሳችሁ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከመለኮሳችሁ በፊት ክሩን 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ አስቀርታችሁ ቁረጡት። እማማ ጧፏን በምራቋ ባራሰችው ጣቷ ቆንጠጥ ታደርገው ነበር፤ ያው ነው። የዛሬ ሻማ ክር ከ200 ዓመት በፊት ገደማ በመጣ ዘዴ የተጎነጎነ ነው፤ ሲነድ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ራሱ ይበላል። ቢሆንም የጠቆረ ፍርፋሪ ሰሙ ውስጥ ከወደቀ ሌላ ክር ይሆናል። አንሱት። ነፋስ ካለም ያው ነው፤ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ሰሙን በዚያው ወገን ያፈሰዋል።

ነፋስ ስል እህቴ ትዝ ትለኛለች። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደህ ስትጨርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ከእኛ በ600 ወይም 700 ሜትር ዝቅ ስለሚል አየሩ ሌላ ነው። እኛ ማታ መስኮት እንደፍናለን፤ እሷ ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ስለዚህ የሷ ጭንቀት መጋረጃ ነው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምታደርገው ሻማ መፈለግ አይደለም። በስልኳ ባትሪ እያየች መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ትቋጥራለች፤ እንደ ሴት ልጅ ጠጉር። ከዚያ ነው ክብሪት የምትጭረው። የመጀመሪያ ጊዜ ሳያት ሳቅኩባት። አሁን አልስቅም። ከሻማ በጎን በኩል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ መሆን አለበት። ከላይ ግን ከዚያም በላይ፤ ሙቀቱ የሚሄደው ወደ ላይ ነውና። መደርደሪያ ውስጥ ሻማ የሚያቆም ሰው አይቼ አውቃለሁ። እጃችሁን ከነበልባሉ አንድ ክንድ በላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ትረዱታላችሁ።

የኮምቦልቻ ሻማ ሌላም አመል አለው። ግንቦት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ሰም ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ ይለሰልሳል። የጎበጠች ሻማ ደግሞ ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ትወድቃለች። እህቴ ስለዚህ ከውሃ እንስራው አጠገብ ነው የምታስቀምጣቸው።

በነገራችን ላይ ከሁሉ የሚሻለው በፀሐይ ወይም በሶኬት ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ መብራት ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ክርክርም አያስፈልገውም። እኔም አለኝ። ግን ባትሪው ያለቀ ቀን ሁላችንም ወደ ሻማ እንመለሳለን። እውነቱ ይሄ ነው።

ሻማ ከምር የተማርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር። ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሱቁ ዝግ ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ስለ ሻማው ብቻ። ሻማ እንደ ስኳር ተወደደ፤ ቢገኝ ማለቴ ነው። ከአጥር ማዶ ካሉት ጎረቤታችን ጋር ተስማማን። እትዬ እንላቸዋለን፤ ሙስሊም ናቸው። አንድ ማታ እነሱ ጋ፣ አንድ ማታ እኛ ጋ። ሁለት ቤተሰብ፣ አንዲት ሻማ። እትዬ የሻማዋን ቦታ እሳቸው ነበሩ የሚመርጡት። ትሪ ላይ አመድ ያፈሳሉ፣ መሀሉ ላይ ብርጭቆ ያቆማሉ፣ ብርጭቆው ውስጥም አመድ፣ ሻማዋን እዚያ ይተክላሉ። ትሪው የቤቱ መሀል፣ መሬት ላይ። ሁላችን ዙሪያዋን። የሚዋልል የለም፤ የሚደናቀፍባት የለም። አንዴ «እትዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ብናደርጋት የበለጠ ታበራለች» ብላቸው፣ «አብሽር፣ ከመሬት የወደቀ ነገር የለም» አሉኝ። መሬት ላይ ያለ ነገር ከየት ይወድቃል?

ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ትጠፋለች። እፍ አይሏትም፤ በስኒ ይደፏታል። እፍ ሲባል ሰሙ ይረጫል፣ ፍንጣሪውም ይበራል። ስኒ ስትደፉባት በሁለት ሰከንድ ጭጭ ነው። በዚያ ሁሉ ሳምንት በሁለታችን ቤት አንድም ነገር አልተቃጠለም። ውድ ስለነበረች ማንም ከዓይኑ አልለያትም። ይሄን አሁን ሳስበው ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያሳዝናል።

አመድ ከሌላችሁ አሸዋ ይሆናል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጎ መሀሉ ላይ ማቆምም ጥሩ ነው፤ አልቃ ብትወድቅ ውሃ ላይ ነው የምትወድቀው። አመዱ ግን የበረደ ይሁን። ፍም የተዳፈነበት አመድ አምጥቶ ሻማ የተከለ ሰው አውቃለሁ፤ ሻማዋ ከታችም ከላይም ቀለጠች። ስሙን አልጠራም፤ ጋቢው ቀዳዳ አለው።

ልብስም አለ። የትንሣኤ ሌሊት ሁሉም ጧፍ ይዞ ነጠላ ለብሶ ተጠጋግቶ ቆሞ፣ ከፊቴ የነበረች ሴት የነጠላዋ ዘርፍ ከኋላዋ ሰው ጧፍ ጋር ተገናኘ። ስስ ጥጥ ነው፤ እሳቱ ሲወጣ እንደ ሯጭ ነው። አጠገቧ የነበሩ እናት በባዶ እጃቸው ጨብጠው አጠፉት። ልጅቷ ምንም አላወቀችም፤ እስከ ቅዳሴው መጨረሻ አልነገሯትም። እጃቸውን ግን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ነበር። ቤት ውስጥም ያው ነው። ሻማ አጎንብሶ ሲለኮስ ነጠላው ወደ ኋላ፣ ጠጉሩም ወደ ኋላ። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማም በሦስተኛው ቀን ደርቆ ጭድ ይሆናል። ቶሎ ጥረጉት።

ከተቃጠላችሁስ? የጥርስ ሳሙና አይደለም። ቅቤም፣ እንቁላልም፣ የቡና ዱቄትም አይደለም። በርጩማው የነደደ ማታ እናቴ እግሯ ላይ ፕላስቲክ ጠብ ብሎባት የጥርስ ሳሙናውን ይዛ ስትመጣ ነው የደረስኩባት። ውሃ ነው። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ እየወረደ፣ 20 ደቂቃ። በረዶ ግን አይሆንም። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ በደሴ ሐምሌ ደግሞ ቅጣት ነው። ተሳደበችኝ። ግን አደረገችው። ቀለበት ወይም አምባር ካለ ሳያብጥ ይውጣ። የተጣበቀውን ላላቅቅ አትበሉ፤ ፊት ወይም ሰፊ ቦታ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስለ ከሰል አንድ ቃል። ሰው «ሻማ አየሩን ይበላዋል» ብሎ ይሰጋና አጠገቡ ግን ምድጃ ሙሉ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ይተኛል። እኛ ጋ ብርዱ ስለሚያስገድድ የተለመደ ነው። የሻማዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚገድለው የከሰሉ ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ያስተኛል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አሁን አሁን ደግሞ ፒያሳ በየሱቁ በብርጭቆ የሚሸጡ ባለ ሽታ ሻማዎች መጥተዋል። ደስ ይላሉ። ከ4 ሰዓት በላይ አታንድዷቸው፤ ታች አንድ ጣት ያህል ሰም ሲቀር ተዉት። ብርጭቆው ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ እኛ ጋ አደረ። ሰባት ዓመቱ ነው። መብራት ሄደ። ትሪ፣ አመድ፣ ብርጭቆ፤ ሁሉን ነገር እንደ እትዬ አደረግኩ። እሱ ክብሪቱን እንዲነካ አልፈቀድኩም፤ ቆጣሪ ግን ሾምኩት። የሚለኮሰውን ይቆጥራል። በጣም አከበረው ሥራውን። ጣቱን እያጠፈ ተከተለኝ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ «መጣ!» ሰፈሩ ጮኸ። እናቴ ወደ ፍሪጁ፣ እኔ ወደ ስልኬ። ልጁ ሳሎን መሀል ቆሞ ቀረ።

«አጎቴ፣ ስንት አጠፋህ?»

«ሁለቱንም።» ኩራት በኩራት ሆኜ። ሁለቱንም በስኒ ደፍቻቸዋለሁ።

ጣቶቹን አየ። አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ጣቱ አሁንም ታጥፏል።

«ሦስት ነበሩ» አለ።

መታጠቢያ ቤት። ፊቴን ልታጠብ ስገባ። የሳሙና ማስቀመጫው ላይ። የፕላስቲክ።